የታጠበው ክንፍ

የአክስቴ ባል ትምህርት ቤት ሊያስገቡኝ ከልባቸው አስበው ያውቁ ይሆን? ይህን ጥያቄ ይዤው አድጌያለሁ። የሚቀሰቅስብኝ ደግሞ ሽታ ነው። ከምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ወደ ቤቴ በምሄድበት መንገድ ዳር ባጃጅ የሚቀቡበት ጋራዥ አለ። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲነሣ፣ ቀለም የሚያቀጥኑበት የአኳራጅ ሽታ አስፋልቱን ተሻግሮ ይደርስብኛል። ያኔ ሳላስበው ቀኝ እጄን ነጠላዬ ሥር እደብቃለሁ። ለምን እንደምደብቀው ልንገራችሁ።

እናቴ ከአቦምሳ አዳማ ያመጣችኝ እንድማር ብላ ነው። እኩዮቼ ማንበብ ችለው ማባዛት ሲጀምሩ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እናቴ የእህቷ ግቢ በር ላይ ቆማ ለአክስቴ ባል፣ «አደራዎን ጋሼ፣ ይቺን ልጅ እንደኔ ሳትማር አያስቀሩብኝ» አለቻቸው። «መስከረም ይምጣ እንጂ ትገባለች» አሉ። እጃቸውን ልትስም ስትጎነበስ ወደ ኋላ ሰወሩት። ትሕትና መስሎኝ ነበር። ቀኝ እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

ጋሼ የተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ አንድ አውሮፕላንና አንድ አብራሪ በእጃቸው ነበር፤ አብራሪውን መሰላሉን አስወጥተው ቀበቶውን የሚያስሩለት እሳቸው፣ ሲመለስም ቀድመው ሮጠው የሚቀበሉት እሳቸው። አንድ ቀን አውሮፕላኑም አብራሪውም ሳይመለሱ ቀሩ። መንግሥት ሲለወጥ ጋሼም ወደ ቤት ተሸኙ። እኔ ስመጣ በረንዳው ላይ ያንኑ አውሮፕላን ከዋንዛ እንጨትና ከዘይት ቆርቆሮ አሳንሰው ለመሥራት ይታገሉ ነበር። እንጨቱን ጠርበውታል፣ ቆርቆሮውን አልብሰው በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰውታል። ክንዴን ያህላል። ከዚያ በላይ ግን እጃቸው አልታዘዝ አላቸው።

ምስር ስለቅም አይተውኝ «እስቲ እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ገለበጡ፣ ገበያ ላይ የበግ ጥርስ እንደሚያይ ሰው። ከዚያ «ይሄ አውሮፕላን ሲያልቅ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» አሉ። ደስ አለኝ። መቼ ያልቃል ብዬ አልጠየቅሁም።

ሥራው መቀባት ብቻ መስሎኝ ነበር። አረንጓዴና ቡናማ አድርጌ ቀብቼ፣ ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ በኩራት አሳየኋቸው። «ይሄ አሻንጉሊት ነው» አሉ። «አውሮፕላን ይበራል። የበረረ ነገር ይቆሽሻል፣ ይላጣል፣ ዘይት ያልበዋል። አቆሽሺው።»

ሕይወቴን ሙሉ አጽጂ እንጂ አቆሽሺ ብሎ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። አስተማሩኝ። መጀመሪያ ብርማ ቀለም ይቀባል። እሱ ሲደርቅ ውኃ በነካው ብሩሽ ይዳሰስና የወጥ ቤት ጨው ይነሰነስበታል፤ አረንጓዴው ከጨው በላይ ይደረባል። ቆይቶ ጨውን በጥፍር ሲፈቀፍቁት ከሥሩ ብርማው ብቅ ብቅ ይላል፤ የመካኒክ ጫማ ሲመላለስበት የኖረ ክንፍ ይመስላል። አክስቴ ከጓዳ «ኧረ ጨዉን ጨረሳችሁብኝ፣ ይሄ አውሮፕላን ወጥ ነው እንዴ» ትል ነበር። ለጭስ ማውጫው የኩራዝ ጥላሸት ባቀርብ አልተቀበሉኝም። ወንጂ የሸንኮራ ማሳ ሲቃጠል ነፋሱ ጥቁር ብናኝ ያመጣና በየግቢው ያራግፋል። ሴቶቹ ያሰጡትን ልብስ ለማስገባት ሲሯሯጡ እኔ ሳህን ይዤ እወጣለሁ። የለቀምኩትን በጣቴ አድቅቄ፣ በአሮጌ ስቶኪንግ ነፍቼ፣ በፍየል ጠጉር ብሩሽ ከጭስ ማውጫው ወደ ኋላ አሸዋለሁ። የጎማው አቧራ ደግሞ የእኛ ሰፈር አቧራ መሆን የለበትም፤ የምሥራቁን ጦር ግንባር ይመስላል ተብሎ ከቆቃ ዳር ነጣ ያለው አፈር፣ ዓሣ በምታመጣልን ሴት እጅ በፌስታል ይመጣልኝ ነበር።

እያንዳንዱ እድፍ የራሱ ቀን ነበረው። ጋሼ ዓይናቸውን ይጨፍኑና በረራዎቹን በተራ ይነግሩኛል። «ድሬዳዋ አድሮ የመጣ ዕለት በግራ ክንፉ ሥር ዘይት ነበር። ስስ ነው። ወደ ኋላ ነው የተሳበው፣ ወደ ታች አልወረደም። የሳበው ነፋስ ነው።» ወደ ታች ካወረድኩት ስሕተት ነው። ስሕተት ስሠራ አይመቱኝም። ብሩሹን ይቀበሉኝና በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ያሳርፋሉ። የማይታዘዝላቸው እጅ ለዚያች ነጥብ ስቶ አያውቅም።

ነጥቧ እስኪመሽ አትታጠብም። ሱቅ የምላከው፣ ቦኖ ውኃ የምሰለፈው ከነነጥቤ ነው። የሰፈሩ ልጆች ነጥቦቼን ይቆጥሩ ነበር። «ነብሯ፣ ዛሬ ስንቴ ወደቅሽ?» ይሉኛል። ባለሱቁ ሳይቀር ሳሙናውን እያቀበለኝ «አካም ጅርታ ነብሯ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለኝ ይስቃል። ስሙን ያወጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። እኩያዬ ነበረች። የደንብ ልብሷን ለብሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረንዳው ላይ ቆም ትልና፣ «አባዬ፣ ነብሯ ዛሬም አልበረረችም?» ትላለች። አባቷ ቀና አይሉም። እሷ የጨረሰቻቸው ደብተሮች እየተቀደዱ ብሩሽ መጥረጊያ ይሆኑ ነበር፤ ፊደል የለየሁት ከእነዚያ ቅዳጆችና ከቀለም ቆርቆሮዎቹ ጽሑፍ ነው። ከመጥረጌ በፊት አነባለሁ።

አንድ ጊዜ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። የቀለም ቆርቆሮ ላይ ያለውን አንብቤ አሰማኋት። እያለቀሰች ጋሼን መረቀቻቸው። ጋሼም «ጎበዝ ናት» አሉ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም። ትምህርት ቤት የገባሁ መስሏት ተሳፈረች። ሌላ ጊዜ አላየኋትም፤ ደስ እንዳላት ሞተች።

የመጀመሪያው መስከረም «አላለቀም» ተብሎ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ግን እርግጠኛ ነበርኩ። የተነገረኝን በረራ ሁሉ አስገብቻለሁ። አክስቴ በድብቅ ፎቶ ቤት ወስዳ ጉርድ ፎቶግራፍ አስነሥታኛለች፤ ቀሚሴን አጥባ ተኩሳልኛለች። የምዝገባው ጠዋት፣ የጋሪዎቹ ቃጭል ከመንገድ እየተሰማ፣ ፀሐይ የበረንዳውን ጫፍ ስትነካ አውሮፕላኑን በሁለት እጄ ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አለቀ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ከአፍንጫው እስከ ጭራው አዩት። ስሕተት እየፈለጉ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እንደማያገኙም አውቅ ነበር። አብራሪው የሚቀመጥበት መስተዋት ጋ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። «ልክ ነው» አሉ። እንደዚያ ብለውኝ አያውቁም። አክስቴ በሩ ላይ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ደስታው አናገረኝ። «ከዚህ በኋላስ በረራ ቀርቷል እንዴ ጋሼ?» አልኩ።

ፊታቸው ጠቆረ። ጨርቅ አንሥተው አኳራጅ አፈሰሱበት። እኔ እንደያዝኩት ግራ ክንፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ጠረጉት፤ ከዚያ ቀኙን። አረንጓዴው፣ ጥቀርሻው፣ የድሬዳዋው ዘይት አንድ ላይ ተበጥብጦ እንደ አተላ ቀሚሴ ላይ ወረደ። ቆርቆሮው ራቁቱን ወጣ።

«ታጥቧል» አሉ። «አውሮፕላን በየጊዜው ይታጠባል። ከመጀመሪያው በረራ ጀምሪ።»

«ኧረ በማርያም፣ ልጅቷ ልትመዘገብ ነው» አለች አክስቴ።

«ማን ከለከላት? ሲያልቅ ትመዘገባለች።»

የአክስቴ ልጅ ደብተሯን አቅፋ በመካከላችን አለፈች። ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። ውጭ ለሚጠብቋት ጓደኞቿ «ነብሯ ዛሬስ ሙሉ በሙሉ ጠቆረች» ስትል፣ እነሱም ሲስቁ ሰማሁ። ጉርድ ፎቶግራፎቹ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ቆይቼ ሳወጣቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ስለያያቸው ፊቴ ተላጠ።

የሆነውን ዛሬ እረዳዋለሁ። የቀረው በረራ ያ ያልተመለሰው ነበር። ወደዚያ በደረስን ቁጥር ክንፉ መታጠብ ነበረበት፤ አብራሪው እንዳይነሣ ወደ ኋላ የሚጎትቱት በእኔ ዓመታት ነበር። በቀጣዩም መስከረም ታጠበ፣ ከዚያም በኋላ። እረዳዋለሁ እንጂ መረዳቴ አንድ ክፍል እንኳ አላሻገረኝም። ያዘነ ሰው ጨካኝ አይሆንም የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ዝም እላለሁ። ይህንንም አልደብቅም፤ ሥራውን ወድጄው ነበር። ከእኔና ከእሳቸው በቀር ስለ ዘይቱ አወራረድ የሚያውቅ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ልጅ ደግሞ የሚወደው ሲያጣ ያገኘውን ይወዳል።

አንድ ሐምሌ ላይ ጋሼ ብዙም ሳይታመሙ ሞቱ። አክስቴ ጥቁሯን እንደለበሰች፣ በዚያው መስከረም እጄን ይዛ ወስዳ አስመዘገበችኝ። ቁመቴ ከመምህሯ እኩል ሆኖ አንደኛ ክፍል፣ አፍንጫቸውን ከማይጠርጉ ሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም ነበር። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኝ ጀመር፤ ከነብሯ ይሻላል ብዬ ወደድኩት።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚወራው። የሰው ልጅ እንደ ልጃቸው ያሳደጉ፣ ሙያ ያስተማሩ፣ ደግ ሰው። እኔም ከማንም በላይ አልቅሼ ወሬውን እውነት አስመሰልኩት። ኋላ ስመረቅ፣ ሥራ ስይዝ፣ በየሰርጉና በየክርስትናው «ጋሼ ነፍሳቸውን ይማር፣ ለዚህ አበቁሽ» ይሉኛል። «አሜን» እላለሁ። አሜን ማለት ይቀላል፤ ደግሞም ሟች ነው።

ባለፈው ዓመት በበጋው የአክስቴ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣች። የልጆች እናት ሆናለች፤ በዓል በዓል እንጠያየቃለን። ካርቶን ይዛ ነበር። ስትከፍተው አውሮፕላኑ ነው፤ አንዱ ክንፉ ተቀብቶ፣ አንዱ አባቷ ሲሞቱ እንደነበረው ራቁቱን። የአባቷ የድሮ የአየር ኃይል ጓደኞች ቢሾፍቱ ተሰባስበው የሞቱባቸውን ሊያስቡ ነው። እሷም ስለ አባቷ እንድትናገር ተጠርታለች።

«እስቲ አንቺ አንባቢ ነሽ፣ ንግግሬን አሳምሪልኝ» አለችኝ። «አባዬ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እንዴት እንደሠሩት። አንቺንም እንዴት እንዳስተማሩሽ። እሱ ጋ ስደርስ ሰው ያለቅሳል።»

አሜን ማለት እችል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

«እኔ የተማርኩት አባትሽ ስለሞቱ ነው» አልኳት።

ሳቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። ከእናቴ አደራ ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ የጨውን፣ የነጥቡን፣ የመስከረሙን። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ የካርቶኑን ክዳን ጫፍ እያጠፈች እየዘረጋች፣ «ነጥቦቹ ጨዋታ ይመስሉኝ ነበር» አለች። ከዚያም «እኔም ልጅ ነበርኩ» አለች።

«ነበርሽ» አልኳት። ከዚያ በላይ የምሰጣት አልነበረኝም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ ንገሪያቸው። ስለ ትምህርቱ ምንም አትበዪ።»

«አባዬስ?» አለች፤ ድምፅዋ የዚያችን የደንብ ልብስ የለበሰችውን ልጅ ድምፅ መሰለኝ። «አባዬ ምን ሠሩ ልበል?»

አሰብኩበት። ልክ የሆነውን ቃል ፈለግሁ።

«ያስታውሱ ነበር በያቸው።»

ሻርፗን ፊቷ ላይ አደረገች። ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ መጻሕፍት ሊመልሱ በሩ ላይ ተሰለፉ፤ ትንሽ እንዲቆዩ ነገርኳቸው።