የሰርዋን እግርና የብስክሌት ጎማ

ሰርዋን በካባዲ፣ በዚያ ሩጫና ትግል በተቀላቀለበት የሕንዶች ጨዋታ፣ ሜዳ ላይ ያልቀመሰው ነገር የለም። አፍ ሙሉ አፈር ቅሟል፣ ጣቱ ተሰብሯል፣ ጆሮው ተቀዷል። እንደዚያ ላስቲክ ያቅለሸለሸው ነገር ግን አልነበረም።

ነገሩን ያመጣው አሰልጣኙ ካርኔይል ነው። የውጭ አገር ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ጭናቸውን በሚነፋ ቀበቶ ሲያስሩ በስልኩ አየ። ደሙ ለጥቂት ደቂቃ ታፍኖ ሲለቀቅ ድካሙ አብሮ ይወጣል ይባላል። ቀበቶው በልክ ይነፋል፣ ባለሙያም አጠገቡ ይቆማል። ኤዲያ! ካርኔይል ይህን የት ያያል! ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ሄዶ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አስቆረጠና መጣ። ያውም ለቡድኑ በሙሉ አንድ ጥንድ!

በዚያ ቀን ጠዋት አሸንፈዋል፤ ከሰዓት የዋንጫው ግጥሚያ አለ። ለፑንጃብ ክፍለ ግዛት ቡድን ተጫዋች የሚመርጠው መራጭም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰርዋን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ዛሬ ካልመረጡት በቃ፣ መቼም አይመርጡትም።

ተራው ሲደርስ ላስቲኩ በሰው ላብ ርሷል፣ የሰው ፀጉርም ተለጥፎበታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሸታል እኮ!»

«ሙሽራ ነህ እንዴ? እግርህን አምጣ! አሁን ፈረስ ትሆናለህ» አለ ካርኔይል፣ ጥርሱን ነክሶ እየጠመጠመ።

ሁለቱንም ጭኑን አስሮ እንደጨረሰ የዕለቱ የክብር እንግዳ መኪና ደረሰ። ካርኔይል ተርበተበተ።

«ቱታ ልበሱ! ተሰለፉ!»

«ላስቲኩስ?»

«በኋላ! ሰውየው ፊት ሱሪህን ልታወልቅ ነው? እንዳታዋርደኝ!»

እንግዳው መድረክ ላይ ወጣ። ስለ አባቱ አወራ። ስለ መስኖው ቦይ አወራ። ከዚያ ተመልሶ ስለ ራሱ አወራ። የሰርዋን የእግር ጣቶች መጀመሪያ ነዘራቸው፣ ቀጥሎ በረዳቸው፣ በኋላ ጭራሽ ጠፉ። ላስቲኩ ቱታው ስር ቆዳውን ይመጠምጠዋል፤ የሌላው ሰው ላብ በጉልበቱ ሲወርድ ታወቀው። ልፍታው ብሎ ጎንበስ አለና መራጩ ሲያየው ቀና አለ። በሕዝብ ፊት ሱሪ ዝቅ ማድረግ አሳፈረው።

እንግዳው በመጨረሻ ወርዶ ተጫዋቾቹን እየጨበጠ መጣ። እጁ ቅባት ነው፣ አንገቱ ላይ ያለው የአበባ ጉንጉን በላብ ጠውልጓል። ሰርዋን ዘንድ ሲደርስ ጭኑን በመዳፉ ጠፈጠፈው።

«ወይ እግር! ብረት ነው እኮ!»

ሰርዋን ድምፁን ሰማ እንጂ ምቱ አልተሰማውም። 

እንግዳው ዞር ሲል ከሰልፉ ኋላ ገብቶ ቱታውንና ላስቲኩን ከላዩ ገፍፎ ጣለ። ፊሽካውም ወዲያው ተነፋ። የመጀመሪያው ወራሪ እሱ ነው፤ ወደ ባላጋራው ሜዳ ገብቶ አንዱን ተጫዋች ነክቶ ሳይያዝ መመለስ አለበት። ሮጠ፣ ነካ፣ ዞረ። ሊረግጥበት ያለው እግር ግን ከዳው። እንደ ጆንያ ተዘረጋ። ሕዝቡ ሳቀ።

«ውጣልኝ! አንተ ያለቀልህ ሽማግሌ!» ካርኔይል ጮኸበት። ያሰረው እኮ እሱ ነው! ቱ! ሰው አያፍርም?

ሰርዋን ከመድረኩ ጀርባ ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ደሙ እየወጋው ተመለሰ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ነቁ፣ ጭኑ ሞቀ፣ እግሩ ቀለለው። ከጠዋቱም የተሻለ ሆነ፤ ሩጥ ሩጥ አለው።

በመድረኩ መጋረጃ ቀዳዳ ሲያይ መራጩ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሰርዋን እግሮቹን ቁልቁል አያቸው።

«አሁን መጣችሁ?» አላቸው።