አማቴ ራጁን ያዩ ዕለት

የማህፀን ቱቦዬን ራጅ የምነሳበት ቀጠሮ የደረሰው ባለቤቴ ማር ሊገዛ ኖፓ በሄደበት ሳምንት ነው። ጠዋት ከሁሩሙ ወደ መቱ ልሳፈር ስል አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

«ሐኪሙ የሚለውን በጆሮዬ ልስማ» አሉኝ።

ቤተ ዘመዱ ባለቤቴ ሌላ እንዲያገባ ሲጎተጉት ከርሟል። «መካን ናት» የሚለውን ከሐኪም አፍ ሊወስዱ ነው የመጡት ብዬ ጠረጠርኩ። መቱ ስንወርድ እስከ ሐኪም ቤቱ ተከተሉኝ።

ለራጁ መድኃኒት በማህፀኔ ሲያስገቡ ሆዴን ጨምድዶ ያዘኝ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ በሩ ላይ የቆሙትን አማቴን አየና «ይግቡ ወይስ ውጭ ይጠብቁ?» ሲል ጠየቀኝ። ይጠብቁ ብል የደበቅኩት ነገር ያለ ይመስላል።

«ይግቡ» አልኩ።

ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለው። «መድኃኒቱ እዚህ ላይ ቆሟል። ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተዋል። ከዚህ በፊት ፅንስ ወርዶብሽ ያውቃል?»

«አዎ፣ በተጋባን በዓመቱ።»

«ከዚያ በኋላ ትኩሳት ነበረሽ? ታከምሽ?»

ያኔ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ሊወስደኝ ተነስቶ ነበር። «ገበናችንን አገር አይስማው፣ ይተዋታል» ብለው የከለከሉት አማቴ ናቸው።

«አልታከመችም» አሉ ከኋላዬ። «አትሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያ ይሆን እንዴ፣ ልጄ?»

«በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፣ እናቴ» አለ ሐኪሙ። «ግን ያልታከመ ኢንፌክሽን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል።»

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ባጃጅ ለመያዝ መንገድ ዳር ቆምን። አማቴ ሆድ ሲብሳቸው ኦሮምኛ ይቀናቸዋል። «ኢንተላ ኮ» አሉና እጄን ያዙ፤ «ልጄ፣ ይቅር በይኝ።» በንዴት እጄን ቀማኋቸው።

እሁድ የባለቤቴ አጎት ቤታችን መጡ። የመጡበትን እናውቅ ነበር። ከኖፓ የተመለሰው ባለቤቴ አንገቱን ደፋ፤ እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

«እንግዲህ ውጤቱም ታውቋል...» ብለው ሲጀምሩ አጠገባቸው የተቀመጡት አማቴ አቋረጧቸው።

«በሽታው ሲይዛት ሐኪም የከለከልኳት እኔ ነኝ። ከዚህ ቤት የሚወጣ ካለ መጀመሪያ እኔን አስወጡኝ።»

አጎትየው ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ።

በዓመቱ ጅማ ሄጄ ኦፕራሲዮን ሆንኩ፤ አንደኛው ቱቦ ተከፈተ ተባለ። እስከ ዛሬ ግን አላረገዝኩም። አማቴን ይቅር ለማለትም ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ አንዳንድ ቀን ቂሙ አሁንም ያገረሽብኛል። ሌላ ሚስት የሚለውን ወሬ ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ በቤታችን ያነሳ የለም።