የወንድሜን ኦርጋን የሸጥን ቀን

ሥራ የፈታ ዕቃ ሳይ አያስችለኝም። ኩዌት ሰው ቤት ሳገለግል ያመጣሁት አመል ይሁን ከጥንቱም ያለብኝ እንጃ፤ ብቻ ማንም የማይነካው ነገር ግድግዳ ተደግፎ ካየሁ እንቅልፍ የለኝም። ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ ከተመለስኩ ወዲህ እረፍት የነሳኝ የታናሽ ወንድሜ ኦርጋን ነበር፤ ያ በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ሠርግ ቤት የሚጫወቱበት። እኔው ነኝ ከኩዌት ያገለገለ ገዝቼ የላክሁለት። ትንሽ ጊዜ ከሠርግ ሠርግ ዞረበትና እሱም እንደ እኩዮቹ ጅዳ ገባ። ኦርጋኑ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እናቴ ሰው የሌለበትን ክፍል በየጠዋቱ ትጠርጋለች፤ የኦርጋኑን አቧራ ታራግፋለች፤ በሩን መልሳ ትዘጋለች።

ክረምቱ ሲቃረብ ወንድሜ ደውሎ፣ "ሽጪውና የቤቱን ቆርቆሮ አስቀይሪበት" አለኝ። ጣራችን እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። እኔ በደስታ ተቀበልኩት፤ እናቴ ግን ፊቷ ጠቆረ። እኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ከቤት እየወጣ የሚሸጠው ባለቤቱ ሲሞት ነው።

"በሕይወት ያለ ልጄን ንብረት ገበያ ላወጣ? ሟርት ነው ይሄ። አላህ ይጠብቀን።"

"እማ፣ ዕቃ እኮ ነው" አልኳት። "ራሱ ነው ሽጡ ያለው።"

"እሱ ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል?" ብላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። በማግስቱ ግን ለዘብ አለችና አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ በርካሽ እንዳይሄድ። ልቧ ውስጥ ያለው ገባኝ። ዋጋውን ሰቅዬ ገዢ እንዲጠፋ ነበር የፈለገችው። እኔ ደግሞ የምፈልገው ትክክለኛውን ዋጋ ነበር፤ የማያስቀይም፣ የማያስቆጭ። ስገዛው ስንት እንዳወጣሁ አውቃለሁ፤ ምን ያህል እንዳገለገለም አውቃለሁ።

መጀመሪያ የመጣው እዚያው ሐይቅ ስልክና ቴሌቪዥን የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሳይነካው ዙሪያውን አየውና የዋጋውን ግማሽ ግማሽ ጠራልኝ። "ባለቤቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ለማን ታስቀምጡታላችሁ?" አለ። ደሜ ፈላ። ሻይ ልቀዳለት የነበረውን ብርጭቆ መልሼ ደፋሁትና በሩን አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ፎቶውን በስልክ ለቀቅሁት። ሚኒባስ መናኸሪያ ሄጄ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። ስልኬ ዝም ሲል ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ ሻጮቹ መሀል ስንከራተት ቆይቼ እመለሳለሁ። አንዲት ከደሴ የደወለች ሴት ስለ ዋጋው ምንም ሳትጠይቅ ቀይ ቀለም ያለው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥቁር ነው ስላት ዘጋችው።

በመጨረሻ ከውጫሌ አንድ ሠርግ አጫዋች መጣ። ማተቡ አንገቱ ላይ የሚታይ፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር ልጅ ነው። ሶኬት ላይ ሰካሁለት። እኔም ጉዱን ሁሉ ነገርኩት፤ አንዱ ቁልፍ ጠበቅ ተደርጎ ካልተነካ ድምፅ አይሰጥም፣ ቻርጀሩም የራሱ አይደለም። ከሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም መሰለኝ ቀና ብሎ አየኝ። ጣቶቹን ሲያስኬዳቸው ወንድሜ ቃኝቶ የተወው አምባሰል ወጣ። ደጃፉ ላይ የተቀመጠችው እናቴ እጇን ከምስሩ ላይ አነሳች። ያኔ ወንድሜ ሲለማመድ፣ "ይሄን ጩኸት ዝጋልኝ፣ ልስገድበት" የምትለው እሷ ነበረች። አሁን እስኪጨርስ ድረስ እጇን ወደ ምስሩ አልመለሰችም።

የምለውን ዋጋ አልኩ። ትንሽ ቀንሺልኝ አለ፤ ትንሽ ቀነስኩ። እሱም ትንሽ ጨመረ። ተስማማን። ሁለታችንም አልተቆጨንም። ጨርሰናል ብዬ ብርድ ልብስ ላመጣ ስነሳ ልጁ ከመቀመጫው አልተንቀሳቀሰም።

"እህቴ፣ አትቀየሚኝ" አለ። "ባለቤቱ በአንደበቱ ሐላል ይሁንልህ ካላለኝ አልወስደውም። የሩቅ ሰው ዕቃ ነው። ከፍቶት ከሆነ አያሠራኝም።"

ልክ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ሐላል ሳይባባል አይለያይም። የኔ ጥፋት መቸኮሌ ነው። ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ መውጣት ስችል እዚያው ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ደጃፉ ላይ እንዳለች እያየኋት።

"ወንድሜ፣ ከእህትህ ጋር ተስማምተናል" አለው ልጁ። "ሐላል ትለኛለህ?"

"ሐላል ይሁንልህ። ሥራበት፣ ብላበት።"

"ስትመለስ ከቆጨህ ግን በዚሁ ዋጋ እመልስልሃለሁ። እህትህ ምስክሬ ናት።"

ከወዲያ በኩል መኪና ሲያልፍ ተሰማ።

"ግዴለም፣ ለኔ ብለህ አታቆየው" አለ ወንድሜ። "እኔ እንግዲህ... የመመለሱ ነገር አይታየኝም። ለእማ ግን እንዳትነግሯት።"

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ስልኩን አንስቼ ደህና ሁን ብዬ ዘጋሁት። ሁሉን የሰማችውን እናቴን ለማየት ድፍረት አጣሁ። ገንዘቡን ልጁ በስልክ ላከልኝ። ኦርጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በገመድ አሰርነው። ቋጠሮውን እሱ ነው ያጠበቀው።

እናቴ ምስሯን አስቀምጣ ተነሳች። በአጠገባችን አልፋ ክፍሉ ውስጥ ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ብቅ አለች። አላለቀሰችም። ድምፅዋ ሽንኩርት እንደምትሸጥ ሴት የረጋ ነበር።

"ልጄ፣ አልጋም አለ" አለችው። "ጣውላው ደህና ነው፤ ፍራሹም ብዙ አልተተኛበት። ከፈለግህ ተስማምተህ ውሰደው።"

ልጁ እኔን አየኝ።

"አልጋው አይሸጥም" አልኩ።

"ለምን? ዕቃ እኮ ነው።"

ያሾፈችብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አላሾፈችም፤ የምሯን ነበር የምትጠይቀኝ። የልጇን አልጋ እንደ ሟች ዕቃ ልታወጣው ነበር። ኩዌት በነበርኩባቸው ዓመታት እንኳ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሄጄ የክፍሉ በር ላይ ቆምኩ፤ በሁለት እጄ መቃኑን ይዤ። ልጁ ኦርጋኑን ተሸክሞ እናቴን ተሰናብቶ ወጣ፤ ባጃጅ ሲጠራ ሰማሁት፤ ባጃጁም ሄደ። እኔ ከዚያ በር አልተነቃነቅሁም።