የተሳቢው ወለል

በሰፈሩ «አባ ፍሬቻ» ነው የሚሏቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ፣ ውሻ እንኳ በማያልፍበት ጭር ያለ መንገድ ላይ ፍሬቻ ሳያሳዩ ታጥፈው አያውቁም። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ምን ሊያጠፋ ይችላል? ማንም የሚለው ይህንኑ ነበር።

ጡረታ የወጡ ዕለት፣ ይሠሩበት የነበረው የእርሻ ድርጅት ዕድሜ ልካቸውን የጎተቱትን አሮጌ ተሳቢ «ውሰደው» ብሎ ሰጣቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢው ጥግ ላይ ዝገት ሲበላው ኖረ። ዘንድሮ ግን ልጃቸው አረገዘች። ያለቻቸው አንድ ልጅ እሷ ብቻ ናት፤ ከባሏ ጋር እዚያው ግቢ ከኋላ ባለው ቤት ትኖራለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጨንግፈውባታል፤ አንዱም አምስተኛ ወሩን አላለፈም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «እንቁላል አይለይሽ» አለቻት። አባ ፍሬቻ ይህን እንደሰሙ ቁጭ ማለት አቃታቸው። የልጅ ልጅ ሳያዩ መሞትን የሞት ሞት አድርገው ይፈሩት ነበርና፣ በዚያው ሳምንት ጎረቤታቸውን አናጢውን ጠርተው ተሳቢውን የዶሮ ቤት ሊያደርጉት ተነሡ።

ጎማዎቹን አውልቀው በብሎኬት ላይ አስቀመጡት። የጎኑን ላሜራ በመስኮት ልክ ቆርጠው የወንፊት ሽቦ ወጠሩበት፤ ከዳር እስከ ዳር ቆጥ ሠሩለት፤ ከድሮ ቁም ሣጥን መሳቢያዎች የእንቁላል መጣያ አበጁ። አናጢው ወለሉ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበ። ጣውላው ጠቁሯል፤ በየስንጥቁ ነጣ ያለ ዱቄት ተጋግሯል።

«ጋሼ፣ ይሄን ነቅለን በሌላ ብንተካውስ?»

«እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ ከየት ይገኛል? አይነካም!»

«ምን ነበር የሚጭነው ግን?»

«የእርሻ ዕቃ ነዋ!» አሉ አባ ፍሬቻ፣ ሽቦው የላላ ይመስል ወደዚያ ዞር ብለው። «ደሞ በነጭ ጋዝና በሳሙና ሦስቴ አጥቤዋለሁ። አሽትተው እስቲ፤ ይሸታል?»

አናጢው አጎንብሶ አሸተተ። አይሸትም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ በሆዱ፤ ሰጋቱራውንም በተነበት።

የድርጅቱ ሾፌሮች ሕግ ይህ ነበር፤ የማይሸት ነገር አይጎዳም። ጭነቱን አራግፈው ሲመለሱ መንገድ ላይ ከመሸባቸው እዚያው ወለል ላይ ነበር ጋደም የሚሉት። አባ ፍሬቻም በዚህ ሕግ ሲያምኑ ኖረዋል።

ዐሥራ ሁለት ቄቦች ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት መጣል ጀመሩ፤ ልጅቱም በየማለዳው ሁለት ሁለት እንቁላል መብላት ያዘች። ፊቷ ሞላ። አምስተኛው ወር አለፈ። አባ ፍሬቻ ያን ቀን ከሰው ተደብቀው አለቀሱ፤ ደስታ ነበር።

ዶሮዎቹ ግን ለሰጋቱራው ደንታ አልነበራቸውም። ማታ የተበተነላቸውን ማለዳ በእግራቸው ጭረው ወደ ዳር ይገፉትና ከባዶው ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ይለቅማሉ። ጥሬያቸው ሞልቶ ሳለ ስንጥቁን ይመርጣሉ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ከኋላ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት አንዷ ቆጥ መውጣት አቃታት። በማግስቱ ሌላዋ። አያስነጥሳቸው፣ አያስቀምጣቸው፤ ዓይናቸው እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፤ እግራቸው ብቻ ከዳቸው። አባ ፍሬቻ ቫይታሚን ገዝተው ውኃቸው ውስጥ በጠበጡ፤ ለልጃቸውም ምንም አልነገሯት። ለምን እንዳልነገሯት ራሳቸውን አልጠየቁም።

አንድ ጠዋት ልጅቱ የተቀቀለ እንቁላሏን በሳህን ይዛ፣ እየላጠች፣ ወደ ተሳቢው መጣች። ሁለት ዶሮዎች ከበሩ ወጥተው ግቢውን ያቋርጣሉ። ጉልበታቸውን ከፍ ያደርጉና እግራቸውን ጧ አድርገው ያሳርፉታል፣ መሬቱ የት እንዳለ የማያውቁ ይመስል።

«አባዬ፣ እያቸው እስቲ! ያንተን አረማመድ ይዘውታል እኮ!» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አባ ፍሬቻም ሊስቁ ነበር። እግራቸው ከደነዘዘ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ጫማቸው ሲወልቅ አያውቁትም፤ ልክ እንደዚህ እያነሡ ነው የሚጥሉት። ሁሉም «ዕድሜ ነው» ብሎ ነበር። ተሳቢውን ከእሳቸው ጋር በተራ ይጎትት የነበረው ባልደረባቸውም ዛሬ ከአልጋ አይወርድም፤ የሱንም «ዕድሜ ነው» ብለዋል። ሰውየው ግን ገና ሃምሳ አልሞላውም።

«ጣይው!» አሉ። «ጣይው ነው የምልሽ፣ እንዳትበይው!»

ልጅቱ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «አባዬ… ተሳቢው ምን ነበር የሚጭነው?»

«የተባይ መርዝ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አይሸትም ነበር፣ ልጄ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይህ ነው። ልጅቱ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ብትሰድባቸው በተሻላቸው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው አባ ፍሬቻ ከበሩ እስከ ወንበሩ የተራመዱትን ነበር። ከዚያ ስለ መርዙና ስለ እንቁላሉ ሰምቶ፣ ልጅቱን አስተኝቶ ሆዷን በመሣሪያ አዳመጠ። «ልቡ ይመታል» አለ። «ሌላውን ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም። እንቁላሉን ለምን ያህል ጊዜ በላሽ?»

«ወር ከምናምን።»

«ዶሮዎቹ ናቸው ጥፋተኞቹ፣ ዶክተር» አሉ አባ ፍሬቻ በችኮላ። «አሁኑኑ ሁሉንም እቀብራቸዋለሁ። ተሳቢውንም አስነሣለሁ።»

ሐኪሙ ካርዷን እያገላበጠ ነበር። «ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎብሻል።»

«አዎ፣ ግን ያኔ ዶሮ አልነበረንም» አለች ልጅቱ። «አባዬም ገና ሥራ ላይ ነበር።»

«ከመርዙ ጭነት ሲመለሱ ልብስ ይቀይሩ ነበር?» አለ ሐኪሙ ወደ አባ ፍሬቻ ዞሮ።

«ቤት ስገባ ነው የምቀይረው።»

«ማን ነበር የሚያጥብልዎት?»

ልጅቱ ከአልጋው ላይ ቀና ብላ አባቷን አየቻቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያንን ነጭ አቧራ የጠጣ ቱታ በየሳምንቱ በእጇ ስታሽ የኖረችው እሷ ናት።

«እኔ ነኝ» አለች።

አባ ፍሬቻ ወንበራቸውን ጨምድደው ያዙ። ሐኪሙ ምነው ስለ ዶሮዎቹ ብቻ በጠየቀ ብለው ተመኙ።