የሚላኖ ፍርድ በአስመራ

የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ፈርሶ የፍርድ ቤቱ ሥራ ወደ አማርኛ ሲዞር በአስተርጓሚነት ተቀጠርሁ። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው፤ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ጣልያንኛን ከከተማው ነበር የተማርሁት። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳመላልስ ውዬ ማይ ጭሆት ወዳለው ቤቴ ስገባ፣ ባለቤቴ «እንዴት ዋልክ?» ስትለኝ ለመመለስ እንኳ አፌ ይከብደኝ ነበር።

ከዚያ ዘመን ጉዳዮች ያልረሳሁት የአንዲት መበለትን ነው። ሓዝሓዝ ሰፈር ውስጥ ሹራብ የሚሠራ አነስተኛ ፋብሪካ ነበራቸው። ማሽኑን ባላቸው ነበሩ ከአንድ የሚላኖ ኩባንያ ተከራይተው ያስመጡት። ባላቸው ካረፉ በኋላ ማሽኑ ተሰበረ። ኩባንያው መለዋወጫ ሳይልክ ሲቀር፣ ሴትዮዋ አንድ የከተማውን መካኒክ ጠርተው የተሰበረውን ክፍል በብረት አስቀርጸው አስገጠሙት። ሠራ። የኩባንያው ሰው ለጉብኝት መጥቶ ይህን ባየ ጊዜ ግን «ያለ ፈቃዳችን ማሽናችን ተነክቷል፣ ውሉ ፈርሷል፣ መልሱልን» አለ።

ውሉ ክርክር ቢነሣ በሚላኖ በተመረጡ ዳኞች ይታያል ይል ነበር። እነዚያ ዳኞች ተሰብስበው ማሽኑ ይመለስ ብለው ፈረዱ። የኩባንያው ጠበቃ፣ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ጣልያን፣ ፍርዱን እዚህ አስፈጽሙልኝ ብለው አመለከቱ።

በውጭ አገር የተሰጠ እንዲህ ያለ ፍርድ እንዴት እንደሚፈጸም የሚናገረው ሕግ ገና አዲስ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ዳኛ ራሳቸው እንዲህ ያለ ጉዳይ አይተው አያውቁም። ስለዚህ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። ሴትዮዋ በየቀጠሮው ነጠላቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ተመልሰው ይሄዳሉ።

የሕጉ መጽሐፍ እነዚያን የተመረጡ ዳኞች «የዘመድ ዳኞች» ይላቸዋል። እኔም ቃሉን እንዳለ ወደ ትግርኛ መለስሁት። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።

«የማን ዘመድ ናቸው? እኔ ሚላኖ ዘመድ የለኝም፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ስሙ ነው፣ አደይ» አልኋቸው እናቴን እንደምጠራ። «ሁለቱ ወገኖች የሚመርጧቸው ሰዎች ማለት ነው።»

«ታዲያ እኔ ማንን መረጥሁ?»

«ዳኛው ሲጠይቁዎት ይናገሩ» አልኋቸው።

በመጨረሻ ዳኛው ጠየቁ፤ ሴትዮዋን ሳይሆን ጠበቃውን። «ዳኞቹን የመረጣቸው ማን ነው?»

«ኩባንያው ነው፣ ሦስቱንም። ውሉ እንዲያ ይላል፤ የሴትዮዋ ባል ፈርመውበታል።»

«ሴትዮዋስ ቀርበው ተሰምተዋል?»

ይህን ወደ ትግርኛ ስመልሰው ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የሚላኖው ጥሪ ደርሶኛል፣ እወ። ግን በምን እሄዳለሁ? ልጆቼንስ ለማን ጥዬ?»

ዳኛው መጽሐፉን ገለጡ፤ ደጋግመው አነበቡ። አሁንም ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። በዚያ ቀጠሮ ውሳኔውን በድካም ድምፅ አነበቡት፦ ሁለቱ ወገኖች ዳኞቹን ለመምረጥ እኩል መብት ስላልነበራቸው የሚላኖው ፍርድ እዚህ አይፈጸምም።

እልልታ ጠብቄ ነበር። ሴትዮዋ ግን «ከእንግዲህ አልመጣም ማለት ነው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

«አይመጡም።»

«የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑኝና ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ጠበቃው ባርኔጣቸውን እያጠለቁ በጣልያንኛ «ውሳኔው ትክክል ነው» አሉኝ። «ግን ኩባንያው ከእንግዲህ የማሽኑን መርፌ አይልክላቸውም።»

እንዳሉትም ሆነ። የዚያ ማሽን መርፌ ከኩባንያው በቀር የትም አይገኝም ነበር፤ ያን ያህል ቀጭን ነገር ደግሞ መካኒኩም ሊሠራው አልቻለም። መርፌዎቹ እየተሰበሩ አለቁ።

ከወራት በኋላ ፌርማታ ላይ አገኘኋቸው። ማሽኑ መቆሙን፣ ሠራተኞቹ ሴቶች አሁን በእጃቸው እንደሚሠሩ ነገሩኝ።

«ያን ሁሉ የተመላለሱት በከንቱ ሆነ፣ አደይ» አልኋቸው።

«ኣይፋልን፣ በከንቱስ አይደለም። ሳይሰሙኝ ቤቴ ገብተው ቢወስዱት ይብስ ነበር።» ነጠላቸውን እየሳቡ «ግን ደክሞኛል» አሉ።

«እኔም» አልሁ።

አውቶቡሱ መጣ። ክንዳቸውን ይዤ አሳፈርኋቸውና፣ ከሰዓት በኋላ ችሎት ስለነበረኝ ወደ ፍርድ ቤቱ ተመለስሁ።