ከማህተሜ ላይ የወሰደችው

የልጅ ልጆቼ ካልነገርሽን ብለው ይዘውኛል። ነገሩን ያመጣችው ሩት ናት። በር ሲያስጠጉት የሚከፍተውን የመሥሪያ ቤቷን ካርድ በብልጭልጭ ከረጢት ከታ መጣች። ምነው ብላት፣ «እማማ፣ ሌባ በአጠገቤ ሲያልፍ ሳይነካው ውስጡ ያለውን መረጃ ይገለብጠዋል» አለችኝ።

«ሕግ የለም?»

«አለ። ግን ሌባው ይቀድማል፣ ሕጉ ይከተላል።»

ይህንን እንኳ እኔም አውቀዋለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም እሸጥ ነበር፤ በድሬ ሙቀት ቲማቲም እስከ ቀትር እንኳ አይቆይም። የጎረቤቴን የዘይነባን ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ይፈልጉታል። በባቡር ወደ ጅቡቲ ሊያመልጥ በሌላ ስም መታወቂያ አዘጋጅቷል፤ የቀረው ፎቶው ላይ የሚያርፍ የቀበሌ ማህተም ነው።

«አስኒ፣ መታወቂያሽን አንዴ። ወላሂ ምንም አይጎድልበትም!» አለችኝ ዘይነባ።

የተቀቀለ እንቁላል ልጣ፣ ትኩስ እንዳለ መታወቂያዬ ማህተም ላይ አንከባለለችው። ነጩ ላይ ሐምራዊ ክብ ወጣ። መልሳ ወንድሟ ፎቶ ላይ ስታንከባልለው ቁርጥ የቀበሌያችን ማህተም! ከዚያ እንቁላሉን ለሁለት ገምሳ፣ «ብይ እንጂ፣ ማስረጃ ነው» ብላ ሳቀች።

ሁለታችንም ያላሰብነው፣ እንቁላሉ ቀለሙን መጥጦ ነው የወሰደው። የኔ ማህተም ገረጣ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። ሊቀመንበሩ፣ «እንቁላል ቀቃዮች አሉ ተብሏል። ከዛሬ ጀምሮ ማህተሙ የገረጣ ሁሉ ግብረ አበር ነው!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ መታወቂያዬን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። እንቁላሉ ከተበላ በኋላ የወጣ ሕግ።

በማግስቱ ጠዋት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ወትሮ በአሸዋው አቋርጥ ነበር፤ ያን ቀን በድልድዩ ማለፍ ግድ ሆነ። እዚያ የቆመው አብዮት ጥበቃ መታወቂያዬን ወደ ፀሐይ አነሳው።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«ላብ ነው ወንድሜ፤ ደረቴ ውስጥ ነው የምይዘው።»

«ሁላችሁም ላብ ነው የምትሉት።» ስሜን ደብተሩ ላይ ጻፈ። «ሂጂ፣ እንጠራሻለን።»

ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሴ ትወጣ ነበር። ቲማቲሙ እቅርጫቱ ውስጥ ይበሰብሳል፣ እኔ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ዘይነባ፣ «ወንድሜ ተሻግሯል፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ክረምቱ አለፈ፤ ማንም አልጠራኝም። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ አስገባሁ።

አሁን ሩት ያንን ከረጢት ስታጥፍና ስትዘረጋ እያየሁ፣ ለሰውስ መጠበቂያው ምንድን ነው እላለሁ። ዘይነባ እውነቱን የነገረችኝ ሁለታችንም ካረጀን በኋላ ነው። ወንድሟ አልተሻገረም ነበር። ባቡር ጣቢያ ይዘው ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ከመውሰዳቸው በፊት፣ «ማህተሙን ከማን መታወቂያ ወሰድክ?» እያሉ ሦስት ቀን ገርፈውታል። የሞተውን አባቱን ስም ሰጣቸው።