የትልቁ ሌንስ ቦታ

ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ፣ መንገዱን ሁሉ አጥለቅልቆ በሚጠፋበት ከተማ ተቀምጦ ለዝናብ ጫካ ካሜራ ማሰናዳት የእብድ ሥራ ነው። ጂዳ ውስጥ ካሜራዬን ከዝናብ የሚከልል ልብስ ፍለጋ ስንት ሱቅ ዞርኩ! አንዱ ባለሱቅ "ዝናብ? እዚህ?" ብሎ ጓደኛውን ጠራና አብረው ሳቁብኝ። በመከራ አገኘሁት። ቤት እንደገባሁ ካሜራውን አልብሼ መታጠቢያ ቤት ሻወር ሥር ያዝኩት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው" አለችና ወደ ኩሽናዋ ተመለሰች።

ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሣሪያ የምጠግን መሐንዲስ ነኝ፤ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሱሴ ነው። የቦንጋን ጫካ የክረምቱ መውጫ ላይ ማንሳት የዘመናት ምኞቴ ነበር። ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ዛፎቹ መሐል ይተኛል፣ ጉሬዛዎቹም ከላይ ይዘላሉ። አለቃዬን ለምኜ ለምኜ ኢጃዛዬን፣ ማለትም የዓመት ፈቃዴን፣ ለዚያ ሰሞን አስወሰንኩ። እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ከየጫማ ካርቶኑ ለቀምኩ። ውሃ የማያስገባ ጠንካራ ሻንጣ ገዝቼ፣ ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ለሁለቱ ካሜራ፣ ለትንሹ ሌንስና ለትልቁ ሌንስ በልክ በልካቸው ቆረጥኩ። ወላሂ፣ ለሠርጌ እንኳን እንደዚያ አልተዘጋጀሁም።

ጉዞውን ለማንም አልተነፈስኩም ነበር። የእኛን ሰው አውቀዋለሁ፤ ከጂዳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መንገደኛ ሳይሆን ካርጎ ነው። ለባለቤቴ ግን ሳይነገር አይቀርም። ባለቤቴ መካ ላሉት አክስቷ ነገረች። አክስቷ ለማን እንደነገሩ አላህ ይወቀው፤ ጁምዓ ሰግጄ ስወጣ የሰፈራችን የበኒ ማሊክ ሰው ሁሉ "መንገድ አለህ አሉ" ይለኛል።

ከዚያ በራችን መንኳኳት ጀመረ። አንዷ ብርድ ልብስ፣ አንዱ የወተት ዱቄት፣ ሌላው ለእናቱ የደም ግፊት መለኪያ። ሁሉም "ትንሽዬ ዕቃ ናት" ይላል፤ ትንሽዬዋ ዕቃ በበሩ አትገባም! "ፎቶ ላነሳ ነው የምሄደው፣ ጫካ ነው የምገባው" ብል ማን ይስማኝ። "ይቅናህ! አዲስ አበባ ወንድሜ መጥቶ ይቀበልሃል" ይሉኛል።

"እምቢ በላቸው እንጂ" አልኳት ባለቤቴን።

"አደራ እምቢ ይባላል? ነገ እኛስ በማን ልንልክ ነው?"

እውነቷን ነው፤ ያናደደኝም እውነቷን መሆኑ ነው። ትልቁ ሻንጣ ሞልቶ የካሜራ መቆሚያዬ በወተት ዱቄትና በብርድ ልብስ መሐል ተቀበረ። ለእኔ የቀረችኝ ያቺ በእጅ የምትያዘው የካሜራ ሻንጣ ብቻ ነበረች።

ይኼ አልበቃ ብሎ አክስታችን ደወሉ። "መካ ናልኝ። በእጅህ የምትይዘው ነገር አለኝ።" በእጅህ ሲሉኝ ዓይኔ የካሜራ ሻንጣዬ ላይ ሄደ።

ከሥራ መልስ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። መንገድ ላይ ካለችው ባሕራ ከተማ የጭነት መኪናው መንገዱን ዘግቶ አቃጠለን። ሹመይሲ እስር ቤት ጋ ስንደርስ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ዱዓዋን አደረገች፤ እዚያ ታስሮ ወደ አገር የተመለሰ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

አክስታችን በልጅነታቸው አባታቸው ለሐጅ ይዘዋቸው መጥተው እዚያው መካ የቀሩ ናቸው። ታላቅ እህታቸው ግን ባል አግብተው ስለነበር አጋሮ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በአካል ተያይተው አያውቁም። ገና ከመቀመጤ ነጭ ጨርቅ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡ።

"የእትዬ ከፈን፣ መገነዣዋ ነው" አሉ። "በዘምዘም ውሃ አጥቤ ሰገነት ላይ ያደረቅኩት። ታማለች፣ እህል ትታለች። በደወልኩ ቁጥር 'ከፈኔስ?' ነው የምትለኝ። ሳይደርስላት ብትሞት እኔ ምን ይውጠኛል?"

"አደርሳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከጫካው ስመለስ..."

"ስትመለስ? መጀመሪያ ነው እንጂ!"

"አክስቴ፣ ጅማ ላይ መንገዱ ይለያያል። አጋሮ ደርሼ ስመለስ እኮ ያልፍብኛል።"

"ምኑ? ጫካው የት ይሄዳል?"

"ጫካውማ የትም አይሄድም። የሚሄደው ጉሙ ነው።"

"ጉም!" ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "ባልሽ ጉም ሊጨብጥ ነው እንዴ ኢጃዛ የወጣው?"

ደሜ ፈላ። "ታዲያ ለምን ራስዎ አይወስዱላቸውም? ፓስፖርትዎ እንደሆነ ታድሶ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል!"

ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። አክስታችን ግን አልተቆጡም። "እኔ ከመካ አልወጣም" አሉ። "ሰው ከየአገሩ መጥቶ እዚህ መሞትን ይለምናል። እኔ ዕድሜዬን ሐረም ሥር ኖሬ ሌላ አገር ሞት ቢይዘኝስ? እዚሁ ሙዓላ መቃብር ነው የምቀበረው። ኸላስ፣ አለቀ።"

ከዚያ ትእዛዙ ተከተለ። ከጫማ ጋር እንዳይሆን፣ ከእግር በታች እንዳይውል፣ ካርጎ እንዳይገባ። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ!" ብለው ሸኙኝ።

ቤት ገብቼ ሻንጣዬን ከፈትኩ። ጨርቁን እዚህ ብለው እዚያ ብለው አልገባ አለ፤ የሚገባው ትልቁ ሌንስ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያንን ሌንስ ትቼ ጉሬዛውን በምን ላነሳው ነው? ጨርቁን ደግሞ ዳሰስኩት። ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ብናኝ የሌለው፤ ሌንስ ለመጠቅለል እንዲህ ያለ ጨርቅ አይቼ አላውቅም። ቀና ስል ባለቤቴ እያየችኝ ነው።

"ምንም አላልኩም" አልኳት።

"አስበሃል" አለች።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ አክስታችን በቪዲዮ። እህታቸውንም ከአጋሮ አስገብተዋቸዋል። "እትዬ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ በዓይኗ ትየውና ልቧ ይረፍ" አሉኝ። ጥርሴን ነክሼ ትልቁን ሌንስ አወጣሁና ጨርቁን በቦታው አስቀምጬ ስልኩን አዞርኩላቸው። ትልቅየዋ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ከሻሻቸው ሥር ትንሽ ሆኖ ይታያል። ጨርቁን አተኩረው አዩት።

"ማነው ይዞት የሚመጣው?"

"የልጃችን ባል ነው፣ እትዬ።"

"አንቺስ?"

"እግሬን ያመኛል። ታውቂ የለ?"

ትልቅየዋ ትንሽ ተነፈሱ። "አጋሮ ገበያ ነጭ ጨርቅ የጠፋ መሰለሽ?" አሉ። "ያለ ምክንያት ነይ ብልሽ አትመጪም። ዓመት በዓመት ከፈን ከፈን ያልኩሽ፣ እሱን ይዘሽ ብትመጪ አይሽ ብዬ ነው። አሁን የሰው ባል ትልኪብኛለሽ?"

በአክስታችን በኩል ስልኩ ተዘጋ። ትልቅየዋ አሳዘኑኝ። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ ተመለሰ። "እንዲህ ከሆነ እኔን ምን አገባኝ? ምን በወጣኝ ነው መሐላቸው የምገባው?" እያልኩ ሌንሱን ይዤ ከሳሎን መኝታ ቤት ተንጎራደድኩ።

በማግስቱ የአክስታችን ልጅ ደወለ። አማርኛው በዐረብኛ የታሸ ነው። "እናቴ ካንተ ጋር ትሳፍራለች" አለኝ። የመውጫና የመመለሻ ፈቃዳቸውን በስልኩ አውጥቶ፣ በእኔው አውሮፕላን ቲኬት ቆርጦላቸዋል። "የላ፣ አደራህን" ብሎ ዘጋው። እሺ ትላለህ ወይ ያለኝ የለም! ተሽከርካሪ ወንበር ልጠይቅላቸው ነው፣ የተምር ካርቶናቸውን ልሸከም ነው፣ ከጅማ አጋሮ መኪና ልፈልግላቸው ነው። እህትማማቾቹ ተገናኝተው አልቅሰው እስኪጨርሱ ጉሙ አይደለም ጫካውም የሚጠብቀኝ አልመሰለኝም። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ። ባለቤቴ እንደ ሬዲዮ ትታኝ ሥራዋን ሠራች።

የመሄጃችን ቀን ልጃቸው ቤታችን አደረሳቸው። በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ።

"ያቺን ሻንጣ ክፈታት" አሉኝ።

"አክስቴ፣ የእትዬ አደራ ያለው እዚሁ ነው፤ ይኸውልዎ" ብዬ ከፈትኩላቸው። ትልቁ ሌንስ ከቁም ሳጥኑ ላይ ያየናል።

አላዩትም። ከዐባያቸው ሥር ሌላ ነጭ ጨርቅ አወጡ፤ እንደ እህታቸው ከፈን የታጠበ፣ እንደዚያው የታጠፈ።

"ይኼኛው የእኔ ነው" አሉ፣ እኔን ሳያዩ። "ምናልባት እዚያ ከቀረሁ።"

ስለ ኪሎ ልናገር ነበር፤ ተውኩት። ትንሹን ሌንስ አንደኛው ካሜራ ላይ ገጠምኩና ሁለተኛውን ካሜራ አውጥቼ ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ በባዶ ቦታዎቹ መሐል የነበረውን ስፖንጅም ነቀልኩት። ከዚያ ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን አስተኛኋቸውና ሻንጣውን ዘጋሁ።